የአውጫጭኙ ወፍ

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያ ሰውዬ አናደደኝ። እንግዳው ይባላል፤ ከበየዳ ተዛውሮ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ገና ደባርቅን በቅጡ ሳይለምድ ክፍሉን ገበያ አድርጎት አረፈው። በበሩ ሳልፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? እሱ የተማሪ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል፤ የአስረኛ ክፍሏ ስጦታ ደግሞ የመምህሩ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ጉብ ብላለች!

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ።

"ያልመለስኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ እትዬ የትናየት" አለኝ። "መልሱን እስካገኝ ወንበሩ የሷ ነው። የክፍላችን ደንብ ነው።"

ደንባችን ይለኛል! እዚህ ትምህርት ቤት ደንብ የማስከብረው እኔ ዩኒት ሊደሯ ነኝ። ያረፈደ በር ላይ የሚንበረከከው፣ ጸጉሩን ያጎፈረ ተላጭቶ የሚመጣው እኔን ፈርቶ ነው። ልጆቹ ከኋላዬ "ውርጭ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ደባርቅ ላይ ውርጭ የማይፈራ ገበሬ የለም።

የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር አሉ፣ ደረስጌ። እዚያ ወንበር የሚገባው ላወቀ ነው ብሎ ለመምህራኑ አስረዳ። እዚህ ግን ወንበር የሚገባው ለተቀጠረ ነው።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ለቁጥጥር ብዬ ከክፍሉ መስኮት ስር ቆሜ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አልታወቀኝም።

የስጦታ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ጠዋት ሊማሊሞን የሚሞላው ጉም ስንት ይመዝናል? የቂል ጥያቄ! ግን ሰውዬው አልሳቀባትም። "እስቲ እንዴት ልንመዝነው እንችላለን?" አለ፤ ልጆቹ ሁሉ ባንዴ ተንጫጩ። አፉን ከፍቶ የማያውቀው የኋላ ወንበር እንኳ ተናገረ። አንዱ ነጠላ ጉሙ ውስጥ አስጥተን ሲርስ እንመዝነው አለ። ክፉ ሐሳብ አይደለም።

እኔ ዩኒት ሊደር ከመሆኔ በፊት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ይሄን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። እራቴን በልቼ ከተኛሁ በኋላ ተነስቼ እርሳስ ፈለግሁ። ጉም ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ ይመዝናል።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። መጥፎ ቀን።

ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል ሳይታሰብ ወደ አስረኛ ክፍል ገቡ። ስጦታ ወንበሩ ላይ ነበረች። ፊታቸው ጠቆረ። "ዛሬ ወንበር የሰጠናት ነገ ትምህርት ቤቱን ትረከበናለች" አሉ። ከሰልፉ ፊት እንድትቀጣ አዘዙ። ሴት ልጅን ሴት ትቅጣት ብለው ለኔ ሰጡኝ።

ቢሯቸው ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ የሚሰቀል አለንጋ አለ። የአባታቸው ነበር። ጥቁር የተጎነጎነ ቆዳ፣ የወይራ እጀታ። ለጌጥ ነው ይላሉ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው ሲመጣ። ለጌጥ እንዳልሆነ ደባርቅ ሙሉ ያውቃል።

እንግዳው ሮጦ መጣ። "ወንበሩን የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ እኔን ይምቱኝ" አለ። አቶ ሀብተ ሚካኤል "አንተን የምመታህ በሌላ ነው" አሉት።

ስጦታ እጇን ዘረጋች። በአለንጋው መታኋት። አላለቀሰችም። ሥራዬ ነው፣ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው። ፊቷን አላስታውስም።

አሁን ጋቢ ደርቤ ምድጃው ዳር ነው የምጽፈው። ብርድ ነው።

የካቲት 15፣ ረቡዕ፣ ቶሎ ቶሎ

አለንጋው ጠፋ። ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። አቶ ሀብተ ሚካኤል ግቢውን አተረማመሱት። ቁልፍ ያለን እሳቸው፣ እኔና ዘበኛው ጋሽ ፀጋው ነን። እኔ ትናንት ከሰልፍ በኋላ ወደ ቢሮው የገባሁት አለንጋውን ቦታው ለመስቀልና መዝገብ ለመመለስ ብቻ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅ ግን የምለው ይሄንኑ ነው።

የካቲት 17፣ ዓርብ

ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አቶ ሀብተ ሚካኤል ተናገሩ። ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። "የአባቴ መታሰቢያ ነው። ከሱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው" ሲሉ፣ እውነት ለመናገር፣ አንጀቴን በሉት። እኚህ ሰው ያዝናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ግን "አውጫጭኝ እንቀመጣለን" አሉ።

ልጆቹ ተያዩ። አብዛኞቹ ቃሉን ከአያቶቻቸው ነው የሰሙት። አስረዷቸው። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይ ጎተራ ሲቃጠል አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ከመካከል ወፍ ይመረጣል። ሰው ሁሉ በየተራ እየቀረበ ያየውን የሰማውን ለወፉ በጆሮው ይነግራል። በመጨረሻ ወፉ የጥፋተኛውን ስም ይጠራል። ማን ነገረህ፣ እንዴት አወቅህ ተብሎ አይጠየቅም። የጠራው ይያዛል፣ አለቀ።

"ወፍ የምትሆነው" አሉና ዞር ብለው አዩኝ፤ "የትናየት ናት። እሷን የሚዋሽ የለም።"

ሰው ፊት አስማሉኝ። ያየሁትን ላልደብቅ፣ ያላየሁትን ላልጨምር። ቃሉን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ጾም ነው ብለው አለፉኝ።

ይሄ ሁሉ ወዴት እንደሚያመራ አልጠፋኝም። ትናንት መምህራኑ ክፍላቸው በር ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ "ርእሰ መምህሩ እንግዳውን የሚያስወጣበት ቀዳዳ አገኘ" ይሉ ነበር።

የካቲት 19፣ እሑድ

የግቢዬ በር የሚታሰርበት ሽቦ ዝጎ ተበጠሰ። የጎረቤቴ የዘቢደር ፍየል ጎመኔን ልትጨርሰው ነው። እቤት ጠንካራ ቆዳ ነበር፤ በሱ አሰርኩት። እጀታ የነበረው እንጨት ምድጃ ገባ። ወይራ ሲነድ ጥሩ ይሞቃል።

አንዳንዱን ነገር ባልጽፈው ይሻላል።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

ትምህርት የለም። ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን አውሼ እውላለሁ። ኧረ በስመ አብ! ሰው ለካ ሆዱ ውስጥ ይሄን ሁሉ ነገር ይዞ ነው የሚሄደው? የሒሳቡ መምህር የኬሚስትሪውን ጠቆመ፤ የኬሚስትሪው የሒሳቡን። አንዷ ልጅ የተጣላቻትን ጓደኛዋን ሰጠችኝ። አንዱ ደግሞ ራሴ ወንድሜን እጠረጥራለሁ ብሎ ትንሽ አሰብ አደረገና "አይ፣ እሱ ሰነፍ ነው፣ አይችልም" ብሎ ተወው።

ጋሽ ፀጋው ግን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። "ጅብ ነው፣ እትዬ። ቆዳ ሸቶት ገብቶ በልቶታል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰሙም?"

ደስ አለኝ። ጅቡን ወደድኩት። ለአቶ ሀብተ ሚካኤል ሳወራላቸው "ጅቡ በሩን በቁልፍ ከፍቶ፣ በልቶ፣ መልሶ ቆልፎ ሄደ?" አሉኝ።

ሁሉም እኔን አምኖ ጆሮዬ ላይ ይንሾካሾካል። በሬ ካራጁ ይውላል።

የካቲት 24፣ ዓርብ

የስጦታ ተራ ደረሰ። እጇ አሁንም እንዳበጠ ነው። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

"ማንንም አላየሁም። የወሰደውን ሰው ግን እግዜር ይስጠው።"

ሄደች። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው ልጅ ምን እንደነገረኝ አልሰማሁትም። ከሰዓት አንዲት ልጅ በጾም ደክማ ወደቀች። አዳራሹ አልተፈታም።

የካቲት 26፣ እሑድ

እንግዳው ቤቴ መጣ። እንዲህ ያለ እንግዳ ከገባ ዓመት አልፎኛል። ዘፍዝፌ የቀቀልኩትን ባቄላ አቀረብኩለት፤ በልቶ አመሰገነ።

"እትዬ፣ ልጆቹን ይልቀቋቸው" አለኝ። "አንድ ሳምንት ሙሉ አልተማሩም። ወፏ እርስዎ ነዎት፤ የሆነ ስም ይጥሩና ይለቁ።"

"የማንን ስም?"

"የፈለጉትን።"

"ስም እንዲህ እንደ ጎመን ዘር አይበተንም" አልኩት ቆጣ ብዬ። ነገሩን ለማስቀየር ስል ጉሙን አነሳሁበት። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ውኃ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ሊማሊሞ ገደሉን የሞላ እንደሆነ ግን ቁልቁለቱን የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ተሰልፈው አይጭኑትም። ያሰላሁበትን ወረቀት አሳየሁት። እንደ ልጅ ሳቀ። "መቼ ሠሩት?" አለ። "ሥራ ስፈታ" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ነው የሠራሁት።

"እንዲህ የሚያስቡ ሰው በር ላይ ቆመው አርፋጅ ሲጠብቁ ይውላሉ?" አለኝ። ባቄላ ጨመርኩለት። ማን ጠየቀው?

ሊወጣ ሲል የግቢውን በር ራሱ ፈታ። ቆዳውን እጁ ላይ ይዞ ቆየ። አየው። ከዚያ ወጣና ከውጭ በኩል አጥብቆ መልሶ አሰረው።

"ጥሩ አድርገው አስረውታል፣ እትዬ" አለ። "እንዳይፈቱት።"

እስከ አሁን አልተኛሁም። ያውቃል። ያውቃል ወይስ አያውቅም? ቆዳ እኮ ቆዳ ነው፣ በደባርቅ ገበያ ሞልቷል።

የካቲት 27፣ ሰኞ፣ በሩጫ

እንግዳው አዳራሽ መሀል ተነስቶ "ልጆቹን ይልቀቋቸው፤ አለንጋውን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ።

አቶ ሀብተ ሚካኤል "የት አለ?" አሉ።

"ጅብ በላው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ፀጋው "አላልኩም!" እያለ ተነሳ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ልጆቹ ተለቀቁ። እንግዳው ታገደ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ።

መጋቢት 1፣ ዓርብ

አቶ ሀብተ ሚካኤል ቢሯቸው ጠሩኝ። እሑድ የወላጆች ጉባኤ ይቀመጣል። እንግዳው ራሱን ስለጠቆመ ነገሩ አልቋል፤ ግን ሰብሳቢው አለቃ መልከ ጼዴቅ የድሮ ሰው ናቸውና ወፏ ስሙን በአፏ ካልጠራች አላምንም ብለዋል። "አንድ ቃል ነው፣ የትናየት። እንግዳው ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ሰኞ ስንብቱን እጽፍለታለሁ፤ በሌብነት የወጣን መምህር ዳባትም ጎንደርም የሚቀጥረው የለም። ለከርሞ ደግሞ ምክትል ርእሰ መምህር አንቺ ነሽ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል፣ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ስወጣ ስጦታን በር ላይ አገኘኋት፤ የመልቀቂያ ማመልከቻ ይዛለች። እሷም የዚያው የበየዳ ልጅ ናት፤ ወደ ቤተሰቧ ልትመለስ ነው። "ለምን?" አልኳት። "እሳቸው ከሌሉ ምን እጠይቃለሁ፣ ቲቸር? ማንን?" አለችኝ። ማመልከቻውን ተቀበልኳትና ኪሴ ከተትኩት። አላስገባሁትም።

ማታ ዘቢደር በአጥር በኩል "ያ መምህር ሌባ ሆነ አሉ፣ ምን ጉድ ነው!" አለችኝ። እጇን የተደገፈችው የኔን በር ላይ፣ ያንን ቆዳ ላይ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ውስጥ ነቅዟል። ወስጄዋለሁ። እኔ ነኝ። ያቺን ልጅ መትቼ ስመለስ እንደገና ሚስማሩ ላይ ልሰቅለው እጄን አንስቼ፣ እጄ አልወጣም አለኝ። ነጠላዬ ስር ከተትኩት። ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር። እንዳይመታበት ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ በተለይ በኔ እጅ። አሁን ደግሞ ሰው እየመታሁበት ነው።

መጋቢት 3፣ እሑድ፣ ማታ

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተቀመጠ። ስወጣ የግቢዬን በር ፈታሁት። ምን አስቤ እንደፈታሁት እንጃ። ቆዳውን ጠቅልዬ ነጠላዬ ስር ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ዞሬያለሁ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ወላጆች፣ መምህራን፣ ከኋላ ተማሪዎች። እንግዳው ፊት ለብቻው ቆሟል። አቶ ሀብተ ሚካኤል የእምነት ቃሉን አነበቡና "ራሱ አምኗል፣ ጉባኤው ይወስን" አሉ።

አለቃ መልከ ጼዴቅ መቋሚያቸውን አገጫቸው ስር አድርገው ተናገሩ። እሳቸው ሲናገሩ ቃል ከቃል መሀል ሰው ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

"ልጄ፣ በአውጫጭኝ ሰው በራሱ አንደበት አጥፊ ነኝ ቢል አይያዝም። ስለ ወንድሙ ብሎ ይሆናል፤ ስለ ወዳጁ ብሎ ይሆናል፤ ስለ ሰላምም ብሎ ይሆናል። የአባቶች ሥርዓት ካነሣችሁ አይቀር እስከ ፍጻሜው እንሂድ። ወፍ ተመርጣለች፣ ምላለች። ትናገር።"

ቆምኩ። እንግዳው ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አይናገሩ ማለቱ ነው ወይስ የኔን ስም ይጥሩ፣ አላውቅም። ከኋላ ስጦታ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

"ወፏ የምትጠራው ማንን ነው?" አሉ አለቃ።

"የትናየት አሻግሬን" አልኩ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ራሴን ለማስተዋወቅ መስሏቸው የሚቀጥለውን ስም የሚጠብቁ ነበሩ። ቆዳውን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ በኋላ ገባቸው።

ጫጫታው አይጻፍም። አቶ ሀብተ ሚካኤል "ይሄ ቀልድ ነው! አንቺ እንዴት... ለምን ብለሽ..." አሉ።

አለቃ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉት። "እንዴት፣ ለምን፣ ማን ነገረሽ አይባልም። ሕጉን ያወጁት እርስዎ ነዎት።"

"ግን ወፏ እሷው ናት!"

"ወፍ ራሷን አትጠራም የሚል ሥርዓት እኔ አልሰማሁም" አሉ አለቃ። "የሰማ ካለ ይናገር።"

የሰማ አልነበረም።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ጠጋ ብለው ቆዳውን አነሱት። አገላበጡት። እጀታው የነበረበትን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። እኔን ሳያዩ፣ በለሆሳስ፣ "እጀታውስ?" አሉኝ።

"አቃጥዬዋለሁ።"

ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ቆዳውን ኪሳቸው ከተው ከአዳራሹ ወጡ። ከሁሉ እሱ ነው የከበደኝ፤ እስከ አሁንም ይከብደኛል። አለንጋውን ብጠላም አባታቸውን አልጠላሁም።

ጉባኤው ወሰነ፤ እንግዳው ወደ ክፍሉ ይመለስ። የትናየት ከዩኒት ሊደርነት ተነስታ ወደ ማስተማር ትመለስ፤ ቅጣቷ ይሁን። እንግዳው በር ላይ ደርሶብኝ "እንዳይፈቱት ብዬዎት ነበር እኮ" አለኝ። "አርፈህ ሥራህን ሥራ" አልኩት። ከዚያ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሰው ቢኖር ቢኖር፣ ይየኝ።

ቤት ስደርስ የዘቢደር ፍየል በተከፈተው በር ገብታ ጎመኔን አንድ ቅጠል ሳታስቀር ጨርሳዋለች።

መጋቢት 11፣ ሰኞ

አስረኛ ክፍል፣ ፊዚክስ። ስገባ ሁሉም ብድግ አለ። ተቀመጡ ብዬ እኔም ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ክብደትና ግዝፈት አስተማርኩ፤ ጉሙን ምሳሌ አደረግሁት። ጠመኔው ይጮኻል፣ እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ውርጭ ውርጭ ነው፣ በአንድ እሑድ አይቀልጥም።

"ጥያቄ ያለው አለ?" አልኩ መጨረሻ ላይ።

ዝም። ደብተሬን ሰብስቤ ልነሳ ስል ስጦታ እጇን አወጣች። የመልቀቂያ ማመልከቻዋ አሁንም እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ይመልሱልኝም አላለችኝ።

"ቲቸር፣ ያን ዕለት ሲመቱኝ ዓይንዎን ለምን ጨፈኑ?"

ይሄ ፊዚክስ አይደለም ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የክፍሉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። እኔ እኮ ጨፍኜ እንደነበር እንኳ አላወቅሁም።

"አላውቅም" አልኩ።

መልሱን እስካገኝ ወንበሩ የሷ ነው። ከወንበሩ ተነሳሁ። ስጦታ መጥታ ተቀመጠች፤ እኔ ወደ እሷ አግዳሚ ሄድኩ። ጎኗ የነበረችው ልጅ ጠጋ አለችልኝ። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ስለነበር ከራሷ ደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቀድዳ ሰጠችኝ።